ከፈረስ ወድቄ አላውቅም

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። አትሳቁ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዶርም ውስጥ ይህን ስናገር፣ አልጋቸው ላይ ተጋድመው የነበሩት ልጆች በሙሉ ትራስ ወርውረውብኛል። ግን እውነቴን ነው። ከአሥረኛ ክፍል ማብቂያ ጀምሮ እዚህ እስክገባ ድረስ የአውኝኛና የአማርኛ አስተርጓሚ ነበርኩ። አለቆች ነበሩኝ። የሥራ ቦታ ቀያይሬያለሁ። አበሌ "ሂደት ላይ ነው" ተብያለሁ፤ አሁንም ሂደት ላይ ነው። በመጨረሻ በቦታዬ ዲግሪ ያለው ሰው ተቀጠረና "እናመሰግናለን፣ በርቺ" ተብዬ ተሰናበትኩ። ይሄ ጡረታ ካልሆነ ጡረታ ምንድን ነው? ጡረተኛ ደግሞ ትዝታውን ይጽፋል። መምህራችን ድርሰቴ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ቀጥዪ" ብለው ስለጻፉልኝ፣ ከእንግዲህ ማንም አያቆመኝም።

ስሜ ማስተዋል ነው። አባቴ የፋግታ ገጠር ሰው ነው፤ እናቴ ዳንግላ ከተማ ያደገች ናት። ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ። ሲጣሉ ግን አባቴ በአውኝኛ፣ እናቴ በአማርኛ ይሆኑና አንዱ ሌላውን "አልሰማሁም" ይላል። መሀል ቆሜ "እማዬ፣ አባዬ እኮ ይቅርታ እያለሽ ነው" ስል ያደግሁት እኔ ነኝ። አባዬ እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ያ ግን ከቅጥር በፊት ስለሆነ በሥራ ዘመኔ አይቆጠርም።

የመጀመሪያ ምድብ ቦታዬ ጤና ጣቢያ ነበር። አክስቴን ላሳክም ሄጄ፣ ከገጠር የመጡ እናቶች ሐኪሙ "የት ጋ ነው የሚያምዎት?" ሲላቸው አንገታቸውን ሲነቀንቁ አይቼ ገባሁበት። ከዚያ የቀበሌው ሰዎች ሰሙና ለድንበር ክርክር ወሰዱኝ። ቀበሌ ነው አያ ተሻገርን ያገኘሁት። ሙያዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አያ ተሻገር የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ከመሆናቸው በፊት የከብት ደላላ ነበሩ። "ደላላ ሳለሁ እየጨመርኩ እየቀነስኩ ተረጎምኩ፤ አሁን ለዚያ ንስሐ እየገባሁ ነው" ይላሉ። የመጀመሪያ ሕጋቸው፣ አስተርጓሚ "እንዲህ ይላሉ" አይልም። ሰውየው "እኔ" ካሉ አስተርጓሚውም "እኔ" ይላል። በዩኒፎርሜ ቀበሌ ቆሜ፣ ጥርት ባለ ድምፅ "ሚስቴ ጥላኝ ሄደች፣ በሬዬንም ይዛ ሄደች፣ በሬው ይመለስልኝ" ያልኩት በዚህ ሕግ ነው። ለካ የክፍላችን ልጅ በመስኮት ይሰማ ኖሯል። በማግስቱ ሰልፍ ላይ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ "ማስቴ፣ ሚስትሽ ተመለሰች ወይ?" ነው የሚለኝ። አንዱ ብቻ ስለ በሬው ጠየቀኝ።

ሁለተኛው የባርኔጣቸው ሕግ ነው። ሌላውን ሰው ሆነው ሲናገሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ስለ ራሳቸው መናገር ሲፈልጉ ያጠልቃሉ። ዳኛው "ይኸን ያልከው አንተ ነህ ወይስ ተከሳሹ?" ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ አናታቸውን ማየት ነው። እኔ ባርኔጣ ስለሌለኝ ሻሼን እጠቀም ነበር። በሦስተኛው ሕግ ደግሞ ዝምታም ይተረጎማል፤ ሰው ዝም ካለ "ዝም ብለዋል" ማለት የአስተርጓሚ ግዴታ ነው። በአራተኛው፣ ሥራ ሳይጀመር ስለ ዝናብና ስለ ከብት ይጠየቃል። "መጀመሪያ ሰው ሳይፈራ እንዴት እንደሚናገር ስሚው፤ ሲፈራ ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ" ይሉኝ ነበር።

ከቀበሌ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አደግሁ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም፤ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ጣቢያ አንድ ብቻ አይደለም። መርማሪው ሳጅን ከሌላ ዞን ተዛውረው የመጡ፣ አውኝኛ የማይሰሙ፣ ጽሕፈት የሚወዱ ሰው ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው የሠርግ ጥሪ ካርድ ይመስላል። በሳቸው መዝገብ ውስጥ ሌባውም፣ ሰካራሙም፣ ድንበር ገፊውም አንድ ዓይነት አማርኛ ነው የሚናገረው፦ "በሰይጣን ግፊት ተነሳስቼ፣ የሕግ የበላይነትን ወደ ጎን በመተው…" አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣

"ሳጅን፣ 'የሕግ የበላይነት' የሚለውን ሰውየው መቼ ተናገሩት?" አልኳቸው።

"ሊል የፈለገው እሱን ነው።"

"አላሉም እኮ።"

"ስላልተማረ ነዋ! እኔ ነኝ የማግዘው።"

ሌላ ቦታ ሰው ይናገራል፣ ከዚያ ይጻፋል። እኛ ጋ መጀመሪያ ቃሉ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ተጠርጣሪው ይጠራል፣ መጨረሻ ላይ እኔ እጠራለሁ። በተጠርጣሪውና በኔ መካከል በሩ ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አላየሁም። ሰው ሲወጣ ግን አካሄዱን አይቻለሁ።

የአያ ቢሻው ነገር የመጣው በገበያ ቀን ነው። አያ ቢሻው ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ መንደር ገበሬ ናቸው። በፈረስ ግልቢያ ስማቸው የታወቀ፣ አፋቸውም የማይቻል ሰው ናቸው። ድንች ሸጠው ሲመለሱ ጋሪ ማቆሚያው ጋ አንድ ዳማ ፈረስ ማንገቻው ሥር ቆስሎ አዩ። ባለጋሪውን ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"ቁስሉ ላይ ነው እንዴ የምትጠምደው? አንተን ነበር መጥመድ! ይህ ፈረስ የኔ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሆን ነበር!" አሉት።

ሰው ሳቀ፤ ባለጋሪው ግን አልሳቀም። በዚያው ሌሊት ፈረሱ ከባለጋሪው ግቢ ጠፋ። ነጋና አያ ቢሻው ተያዙ። ማስረጃው "ይህ ፈረስ የኔ ቢሆን ኖሮ" የሚለው ነው። ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

እኔ የተጠራሁት ካደሩ በኋላ ነው። ስገባ አያ ቢሻው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው አብጧል፤ እግራቸውን በጎኑ አጋድመውታል እንጂ መሬት ላይ በደንብ አላሳረፉትም። እኔ ግን ሕጌን አልተውኩም።

"እንደምን አደሩ አያ፣ እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?" አልኩ በአውኝኛ።

"ምን አልሽው?" አሉ ሳጅኑ።

"ስለ ዝናብ ጠየቅኋቸው።"

"ዝናብ መዝገቡ ውስጥ የለም!"

አያ ቢሻው ግን መለሱልኝ። "ድንቹን ሊያበሰብሰው ነው፣ ልጄ። ለራሱ ሲል እንኳ አያርፍም" አሉ። ሳይፈሩ የሚናገሩት እንዲህ ነው፤ ዝናቡንም ይሰድቡታል።

ከዚያ ሳጅኑ ማንበብ ጀመሩ። "በሰይጣን ግፊት ተነሳስቼ" ተርጉሜ ሳልጨርስ አያ ቢሻው "እሺ በይው" አሉ። አጥር ዘልያለሁ፤ "እሺ በይው"። ፈረሱን ፈትቻለሁ፤ "እሺ በይው"። ለማላውቀው ነጋዴ ሸጫለሁ፤ "እሺ በይው"። ዝናብን የሚቆጣው ያ ድምፅ ጠፍቷል። መጨረሻ ላይ "ይህንንም ቃል ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ ሰጥቻለሁ" የሚለው መጣ። ሻሼን አናቴ ላይ መለስኩትና እንደ ራሴ ጠየቅኋቸው።

"አያ፣ ይኼኛው እውነት ነው?"

የሳጅኑን ጫማ አዩና፣ "እሺ በይው። ልጄ ከትምህርት ቤት በሰላም ትመለስ" አሉ።

እንዳለ ተረጎምኩት። ሳጅኑ እስክሪብቷቸውን አነሱ። "'እሺ' የሚለው ይበቃል" አሉና "እሺ" የሚለውን ብቻ ጻፉ። አያ ቢሻው ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ እኔም እንደ አስተርጓሚ ፈረምኩ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የከሸፍኩበት የለም። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም፤ ሰውየው ግን ባልሠሩት ነገር ሌባ ሆኑ። ስወጣ ሚስታቸው እትዬ የውብዳር በሶ በቅል ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ምን አለ?"

"እሺ አሉ።"

"ማን? ቢሻው?" ቅሉን ሊጥሉት ነበር። "እኔን ሲያገባኝ እንኳ እሺ አላለም እኮ! ምን አድርገውት ነው?"

በቀጥታ አያ ተሻገር ቤት ሮጥኩ። ጥርሳቸውን ተነቅለው ጉንጫቸው እንደ ዱባ አብጦ በነጠላ ተጠምጥመዋል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ስለ ልጃቸው ያሉትን ለሳጅኑ ተርጉመሻል?" አሉ፣ በግማሽ አፋቸው።

"ተርጉሜያለሁ፤ አልጻፉትም እንጂ።"

"ደግ። ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። እኔ በዚህ አፌ መናገር አልችልም፤ የምትተረጉሚው አንቺ ነሽ። ዳኛዋ ደግሞ የሰሙትን ይጽፋሉ።"

እንዲህ ነው ችሎት የገባሁት። "ሳልጨምር ሳልቀንስ" ብዬ ማልኩ። ዳኛዋ ለቦታው አዲስ ናቸው፤ አውኝኛ አይሰሙም፣ ቀልድም የሚወዱ አይመስሉም። አያ ተሻገር ጉንጫቸውን እንደታሰሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከበሩ ውጭ የአያ ቢሻው መንደር ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። ሳጅኑ መዝገባቸውን እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፈው ከዳኛዋ ፊት ቆመዋል።

ዳኛዋ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ ይጠይቃሉ። አያ ቢሻው፣ እኔ አፌን ስከፍት "አዎ" ይላሉ።

"የሚሉት ነገር ገብቷቸው ነው?" አሉ ዳኛዋ።

"አዎ።"

"ፈረሱን የት ወሰዱት?"

"የተጻፈው ቦታ" አሉ አያ ቢሻው። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ "የተጻፈው ቦታ" አልኩ።

የዳኛዋ መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወረደ። ከመነጽሩ በላይ የአያ ቢሻውን ፊት ትንሽ ቆይተው አዩና ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፉ። ይህ አንቀጽ ጣቢያ ስናነብ አልነበረም። ሳጅኑ ጠዋት የአያ ቢሻውን ፊት በብርሃን ሲያዩት ደንግጠው የጨመሩት ነው፦ "ፈረሱን እየጋለብኩ ስሸሽ፣ የመጋለብ ችሎታዬ አነስተኛ በመሆኑ፣ ወንዙ ዳር ከፈረሱ ላይ ወድቄ ዓይኔና የውስጥ እግሬ ላይ ጉዳት ደርሶብኛል።"

ሻሼን ወደ ትከሻዬ አወረድኩና በአውኝኛ፣ "የመጋለብ ችሎታዬ አነስተኛ ስለሆነ ከፈረሱ ላይ ወደቅሁ" አልኩ።

አያ ቢሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። "ማን?"

"እኔ።"

"አንቺማ ትወድቂያለሽ! የከተማ ልጅ ነሽ!"

"ምን አሉ?" አሉ ዳኛዋ።

ምን ላድርግ? ምያለሁ። "አንቺማ ትወድቂያለሽ፣ የከተማ ልጅ ነሽ!" አልኩ ለዳኛዋ።

የችሎቱ ጸሐፊ ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረ።

"እኔን ነው?" አሉ ዳኛዋ።

ሻሼን በፍጥነት አናቴ ላይ አደረግሁ። "አይደለም ክብርት ዳኛ፣ እኔን ነው። ግን እኔ እሳቸው ነኝ። ማለቴ፣ እሳቸው የወደቅሁት እኔ መስሏቸው…"

ከኋላ የአያ ተሻገር ድምፅ በነጠላው ውስጥ፣ "ከመጀመሪያው!" አለ።

ዳኛዋ ፈቀዱልኝና ለአያ ቢሻው አስረዳኋቸው። "አያ፣ ጽሑፉ ከፈረስ ወደቁ የሚለው እርስዎን ነው።"

አያ ቢሻው ወንበሩን ይዘው ተነሱ። እግራቸው ሲነካ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ቢሆንም ቆሙ። በደጅ የተሰበሰበውን ሰው አዩት። ከዚያ ዝናቡን የሰደበው ያ ድምፅ መጣ።

"ሰረቀ በሉኝ፣ ዝም አልኩ! ሸጠ በሉኝ፣ ዝም አልኩ! አሁን ደግሞ ወደቀ? እኔ? በጥር የፈረሰኞች በዓል ሜዳ ላይ ልጆቼ ፊት እንዴት ልቁም? እስር ቤት አስገቡኝ፣ እገባለሁ፤ ይህን ግን አልፈርምም! ከፈረስ ወድቄ አላውቅም!"

እኔም፣ ጋሪ ላይ ስቀመጥ እንኳ የእናቴን እጅ የምይዝ ልጅ፣ ችሎቱ መሀል በሙሉ ድምፄ "ከፈረስ ወድቄ አላውቅም!" ብዬ ጮህኩ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ "እውነት ነው!" አሉ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱና ጸጥታ ሆነ።

"እንግዲያው" አሉ ዳኛዋ በቀስታ፣ "እግርዎ ምን ሆኖ ነው?"

አያ ቢሻው ዝም አሉ።

"ዝም ብለዋል" አልኩ። "ሳጅኑን እያዩ ነው።"

"ክብርት ዳኛ፣ አስተርጓሚዋ ከቃሉ ውጭ…" አሉ ሳጅኑ።

"እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።"

"መዝገቡ ግን…"

"መዝገቡ እዚህ ይቆያል። እርስዎ ይውጡ።"

ሳጅኑ ወጡ። ዳኛዋ "ወደዚያ ጣቢያ አይመለሱም፤ ሌላ ቦታ እንዲቆዩ አዝዣለሁ። ቤተሰብዎንም ማንም እንዳይነካ አዛለሁ" አሉ። እኔም ዳኛ ሆኜ ይህን ቀስ ብዬ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ ተረጎምኩት። በሕይወቴ ያንን ያህል ደስ ያለኝ ትእዛዝ የለም።

ያን ጊዜ አያ ቢሻው ተቀምጠው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። እኔም ተከተልኩ። "የውስጥ እግሬን በጎማ ገረፉኝ። ተንበርክኬ አደርኩ። ፈረሱን እንዳልወሰድኩ ነገርኳቸው፣ አልሰሙኝም። ከዚያ 'ልጅህን ከትምህርት ቤት አስመጣታለሁ፣ እሷም እዚህ ታድራለች' አሉኝ። ያን ጊዜ እሺ አልኩ።"

"በምን ቋንቋ ተግባባችሁ?" አሉ ዳኛዋ።

"የገበያ አማርኛ አውቃለሁ። ለጎማ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም።"

ማንም አልሳቀም። የሳቸው ቃል በኔ አፍ ሲወጣ፣ ጣቢያ ውስጥ የፈረምኩበት ጣቴ ሁሉ ያመኝ ጀመር። ጸሐፊው ግን ይጽፋል። ስለ ልጃቸው ያሉትን ሁሉ ጻፈው።

አያ ቢሻው ሐኪም እንዲያያቸው ተላኩ፤ ሐኪሙም ያየውን ጻፈ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንመጣ ሌላ ዜና ቀድሞን ደርሷል። ፈረሱ ተገኘ! የተገኘውም በቅርቡ ለባለጋሪው የሸጠው ገበሬ ደጅ ላይ ነው፤ ገመዱን በጥሶ፣ ራሱ መንገዱን አውቆ ወደ አደገበት ሄዷል። ገበሬው ሊደውል ኔትወርክ ጠፍቶበት ዘገየ እንጂ አልደበቀውም። እንግዲህ ፈረሱን የሰረቀው ፈረሱ ነው። ቁስሉም እዚያ ድኗል አሉ። ሳጅኑ በዚያ ቀን አልመጡም፤ "ጉዳያቸው እየተጣራ ነው" ተባለ። የሳቸው ማጣራት የኔን አበል ያገኘው መሰለኝ፤ ሁለቱም ሂደት ላይ ናቸው።

ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። በኃይል የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም፤ አቶ ቢሻው በነጻ ይሰናበቱ። ተርጉሜ ስጨርስ እልልታ የሚቀልጥ መስሎኝ ነበር። አያ ቢሻው ግን ከወንበራቸው አልተነሱም።

"ስለ መውደቁስ?" አሉ።

"ተለቀዋል እኮ አቶ ቢሻው" አሉ ዳኛዋ።

"መለቀቁን ሰማሁ። ያ ጽሑፍ ግን እዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። ነገ የልጅ ልጄ ተምሮ ያነበዋል።"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያን ቀን ሊስቁ እንደሚችሉ አወቅሁ። ከዚያ ለጸሐፊው እንዲህ አስጻፉ፦ "ተጠርጣሪው በተባለው ቀን ከፈረስ ስለመውደቃቸው ምንም ማስረጃ አልቀረበም።"

"በተባለው ቀን ብቻ?"

"ፍርድ ቤቱ የሚወስነው ስለቀረበለት ቀን ነው።"

አያ ቢሻው አሰቡበት። "ይሁን፤ ለጊዜው" አሉ።

ግቢ ስንወጣ የመንደሩ ሰው ፈረሶቹን ይዞ ይጠብቃል። አያ ቢሻው እግራቸው ገና አልሻረም፤ ግን ደግፈው አወጧቸውና ፈረስ ላይ ሆነው "ልጄ፣ በይ ያነበቡትን ተናገሪ!" አሉኝ። ደረጃው ላይ ወጥቼ በአውኝኛ ጮህኩላቸው። "ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚያት!" አሉ። ደገምኩ። "ደግሞ አንዴ!" ደገምኩ። እልልታው ያን ጊዜ ቀለጠ፣ ፈረሶቹም ደነበሩ፤ አያ ቢሻው ግን ንቅንቅ አላሉም።

በዚህ መሀል እትዬ የውብዳር ሻሼን ሳብ አድርገው ጆሮዬ ላይ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ።

"በሠርጋችን ዕለት" አሉኝ፣ "እናቴ ደጃፍ ላይ፣ ሙሽራው ሲጋልብ ዘጭ! ሚዜዎቹ ናቸው ያነሱት። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻለሁ። እስከዛሬ አልነገርኩትም።"

አያ ቢሻው ከፈረሱ ላይ ጎንበስ አሉ። "ምን አለችሽ?"

እትዬ የውብዳርን አየሁ። እሳቸውም አዩኝ። "እንኳን ለዚህ አበቃህ አሉ" አልኩ።

በሥራ ዘመኔ የተባለውን ለውጬ ያስተላለፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።